ኩሬ እንጂ ገንዳ አላልኩም

ልብስ ሰፊዋ በሃምሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ለራሷ ብላ ያቀደችው ነገር ቢኖር አንድ ኩሬ ነበር። ሌላውን ሁሉ ያቀደላት ሰው ነው። ትምህርት ቤቷን፣ የመጀመሪያ የስፌት መኪናዋን፣ ባሏን፣ ባሏ ሲሞት ደግሞ የመቃብሩን ድንጋይ ሳይቀር የመረጠላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ድንጋዩ ለአንድ ባንክ የገንዘብ መክፈያ መስኮት ተቆርጦ የተረፈ እብነ በረድ ነበር። ወንድሟ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ስላለው በደግነቱ ውስጥ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ የተረፈ ነገር አይጠፋም።

ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ድሮ ተገላግላው ነበር። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ገና ሃያ ነበር፤ ትምህርቱን ጥሎ፣ በጀርባው ሲሚንቶ ተሸክሞ አሳደጋት። ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ ብትረሳ እንኳ የሚያስታውሳት ሰው ሞልቷል። «ጋሼ» ትለዋለች። ሚስቱም፣ የሱቁ ሠራተኞችም፣ ሰፈሩም ጋሼ ነው የሚለው። ጋሼ ያለው ነገር ይሆናል። ጋሼ «ተይው እኔ አለሁ» ካለ ደግሞ ነገሩ ያኔውኑ ከእጅሽ ወጥቷል ማለት ነው።

የኩሬው ሐሳብ የመጣላት ከአንዲት ደንበኛዋ ቤት ነው። የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ ሄዳ፣ ሙሽራዋ እስክትመጣ ጓሮ ወንበር አውጥተው አስቀመጧት። ከወንበሩ ፊት ለፊት ከአልጋ የማትበልጥ ኩሬ ነበረች፤ ዳር ዳሯን ድንጋይ የከበባት፣ በአንድ ወገን ደንገል የበቀለባት። አንዲት የውሃ ተርብ መጥታ ደንገሉ ጫፍ ላይ አረፈች። ተነሳች፣ ዞረች፣ ተመልሳ አረፈች። ልብስ ሰፊዋ እሷን ስታይ ቆይታ «ይቅርታ አስጠበቅንሽ» ሲሏት ብንን አለች። ያን ያህል ጊዜ ስለ እጅጌ፣ ስለ ዚፕ፣ ማን ምን አለኝ ስለ ማለት ሳታስብ የተቀመጠችበትን ሌላ ቀን ልታስታውስ ብትሞክር አልመጣላትም።

ከዚያ በኋላ በልቧ መቆፈር ጀመረች። የልብስ ማስጫ ገመዷን ፈትታ ጓሮዋ ውስጥ መሬት ላይ አጋደመችውና የኩሬ ቅርጽ አስያዘችው። ጥቂት ቀን አየችው፤ ሆዱ ተነፋብኝ አለችና አጠበበችው። ቆይታ ደግሞ ወደ አጥሩ ገፋ አደረገችው። ቀሚስ ሰው ላይ ተደርጎ እንደሚለካ እሷም ኩሬዋን ግቢው ላይ ለካችው። የስፌት ክፍሏ መስኮት ወደ ጓሮ ነው የሚያየው፤ ክር ልትበጥስ ቀና ባለች ቁጥር ገመዱን ታያለች። ጠዋት ፀሐይ ከየት እንደምትገባ፣ ከሰዓት በኋላ የኮክ ዛፉ ጥላ እስከ የት እንደሚደርስ በዓይኗ ያዘች። ከዛፉ ሥር አይሆንም፤ ቅጠሉ ይረግፍና ውሃው ይበሰብሳል። ረባዳው ቦታም አይሆንም፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ጭቃውን ይዞ ይገባበታል። አንድ ወገኑ ወፍ ወርዳ የምትጠጣበት፣ እንቁራሪት የሚወጣበት ዘቅዘቅ ያለ ይሁን። በሌላው ወገን ለተክሎቹ እርከን ይኑረው። መሀሉ ከጉልበት በላይ ይጥለቅ።

እውነቱን ለመናገር አልቸኮለችም። ጉልበቷን ያማታል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወቅት ሲደርስ ደግሞ እንኳን መቆፈር ቀና ማለትም የለም። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። ገመዱን ማየት ራሱ ደስ ይላት ነበር። ማንም ያላዘዛት፣ ማንም በቀጠሮ የማይጠብቀው፣ ብታበላሸው እንኳ ማንም «ለብሼው ልወጣ ነበር» የማይላት ሥራ ነበር።

አንድ እሑድ ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ ገመዱ እግሩን ጠለፈው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ነገረችው። መንገር አልነበረባትም፤ ግን ደስታዋ አፏን ከፈተው። እርከኑን፣ ጥልቀቱን፣ የፀሐዩን ነገር ስታስረዳው እሱ ግቢውን በዓይኑ እየለካ ነበር። ጨርሳ ሳትጨርስ «ለዚህ ነው እንዴ? ተይው እኔ አለሁ» አላት።

«አይ ጋሼ፤ ይህንን እኔው ራሴ ነኝ የምሠራው» አለችው።

ሳቀ። «በዚህ ጉልበትሽ?» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

የልጇ የመውለጃ ጊዜ ደረሰና ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሸፍና፣ የግቢውን ቁልፍ ለወንድሟ ሰጥታ፣ ልጇ ወደምትኖርበት ከተማ ሄደች። አራስ ጠየቀች፣ አጠበች፣ አበላች፣ የልጅ ልጇን አቅፋ አደረች። ልትመለስ ስትል ልጇ «እማዬ፣ ትንሽ ቀን ጨምሪልኝ» አለቻት፤ ያን ቀን ስትጨርስም ደግሞ «ትንሽ» አለቻት። ናፍቄያት ነው ብላ ደስ አላት። ልጅቷ ስልክ ስታወራ ለምን ወደ በረንዳ እንደምትወጣ የገባት ቆይቶ ነው።

ስትመለስ የግቢውን በር ገና ገፋ እንዳደረገች ጭብጨባ ተቀበላት። ወንድሟ፣ ሚስቱ፣ ሁለት የሱቁ ሠራተኞች፣ አጠገቧ ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ የማታውቃቸው ሰዎችም ነበሩ። ወንድሟ ሻንጣዋን ተቀበላትና ከኋላዋ ዞሮ በመዳፉ ዓይኖቿን ሸፈናቸው። እንደ ልጅ እየመራ ጓሮ ወሰዳት። እጁን ሲያነሳ አየችው።

ክብ ነው። እንደ ሰሐን ድቡልቡል ያለ፣ ከመሬት እስከ ወገብ የተገነባ፣ ውስጡም ውጭውም ሰማያዊ ሴራሚክ የተለጠፈበት። ሴራሚኩን አወቀችው፤ ከአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ተርፎ ሱቁ ጥግ ተደርድሮ ይኖር የነበረው ነው። የተሠራው ከኮክ ዛፉ ሥር ነው፤ ጥላ እንዲሆንላት። ለመሠረቱ ሲቆፈር የዛፉ ወፍራም ወፍራም ሥር ተቆርጦ አጥር ሥር ተከምሯል። መሀሉ ላይ አንገቷን ወደ ላይ የቀሰረች የሲሚንቶ ዳክዬ ቆማ ውሃ ትተፋለች። ውሃውን የሚገፋው ሞተር የተተከለው ከስፌት ክፍሏ ግድግዳ ጋር ነው፤ ድምፁ መስኮቱን ያንዘፈዝፈዋል።

«ገመድሽን ደግሞ ጠቅልዬ ምስማር ላይ ሰቅዬልሻለሁ፤ ሰው ረግጦት እንዳይበጠስ» አላት ወንድሟ።

ቀና ብላ አየችው። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በወጉ ተቋጥሮ ተሰቅሏል። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

«አለቀሰች» አለ ወንድሟ ለሰዎቹ፤ ኩራት ድምፁን ሰበር አድርጎታል። «ተዉአት፣ ደስታ ነው፣ ይውጣላት።»

ሁሉም አጨበጨቡ። እሷም አመሰገነች። ምን ታድርግ? ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ድካም፣ በፀሐይ የጠቆረ የወንድሟ ፊት ከፊቷ ቆሞ ምን ልትል ትችላለች? «እጅህ ይባረክ ጋሼ» አለችው። 

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ በንዴት ነው ያለፈው። መርፌ ትሰብራለች። የአንድ ነጋዴ ኮት እጅጌ ግራና ቀኙን አዛውራ ሰፋች፤ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ቀና ስትል ዳክዬዋ ናት። ጎንበስ ስትል ሞተሩ ነው። ጎረቤት ባገኛት ቁጥር «እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል» ይላታል፤ ጥርሷን ነክሳ «የትም» ትላለች። የኮኩ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፣ ሰመጠ፣ በሰበሰ። ሰማያዊው ሴራሚክ አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። ቢምቢ ፈላ። ምስጋናው ለወንድሟ ሲሄድ የቢምቢው ስሞታ ግን ወደ እሷ ነው የመጣው። ወንድሟ ውሃውን አስቀይሮ ቀይ ቀይ ዓሦች አምጥቶ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ፣ ክሎሪኑ ያልወጣለት ውሃ ውስጥ ለቀቃቸው፤ በማግሥቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገኙ። ሌሎች አመጣ። እነዚያም ሞቱ።

«ትንሽ ብትንከባከቢያቸው ምን አለበት?» አላት፤ ቅር ብሎት።

 ለማን ትናገር? አንዴ ለወንድሟ ሚስት ልትነግራት ሞክራ ነበር። ገና «እኔ የፈለግኩት እንደዚህ አልነበረም» ከማለቷ ሴትዮዋ ስኒዋን አስቀምጣ ጡር አትፈሪም ወይ አለቻት። ጋሼ ወገቡን ይዞት ሦስት ቀን ተኝቶ እንደነበር፣ ሴራሚኩን በገዛ እጁ እንደለጠፈ ነገረቻት።  ይሄም ሌላ ዕዳ ሆኖ ተጫነባት።

ወንድሟ በየእሑዱ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ ቆይቶ ሰው ማስከተል ጀመረ። ከኮኩ ሥር ወንበር ያስደረድራል፤ እሷ ሻይ ታቀርባለች። እንግዶቹ ሴራሚኩን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ዳክዬዋ በነጭም እንደምትገኝ ይነገራቸዋል። ነገሩ የገባት ቀስ እያለ ነው። ሰዎቹ የሱቁ ደንበኞች ናቸው። ጓሮዋ ናሙና ሆኗል። ወንድሟ ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ይህን ታውቃለች። ቆንጆ ነገር ሠርቷል፣ ቆንጆ ነገር ደግሞ ለሰው ይታያል፤ በእሱ ቤት በቃ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ወንድሟም በሌለበት፣ ሜትር በእጁ የያዘ ሰውዬ በሩን አንኳኳ። ከፈተችለት። ገንዳውን አይተህ ና ተብዬ ነው አላትና መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ጓሮ አለፈ። ዙሪያውን ለካ። ወዲያ ወዲህ ብሎ አየና፣ እሷ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያዋን እንዳንጠለጠለች ከኋላው ቆማ፣ «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ፎቶ ላነሳ ነው» አላት። ፈቀቅ አለች። ከዚያ ደግሞ «የግቢው ባለቤት ጋሼ ናቸው አይደል? እርስዎ እዚህ ነው የሚሠሩት?» ብሎ ጠየቃት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፍታ ያዘችለት። ሰውዬው ፊቷን አይቶ ሜትሩን እየጠቀለለ ወጣ። እሷም ተከትላው ወጣችና ጎሚስታው ጋ ሄዳ ትልቁን መዶሻ አውሰኝ አለችው።

«ለምንድን ነው እትዬ?»

«ለዳክዬ» አለችው።

ጎሚስታው ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው። መዶሻውን ሰጣት።

በመጀመሪያው ምት የዳክዬዋ አንገት ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ግን መግፋቱን አላቆመም፤ ውሃው ከአንገቷ ጉድጓድ ወደ ላይ ተፈናጥሮ የልብስ ሰፊዋን ፊት አጠበ። ይህ ይባስ አናደዳት። ዞራ ግንቡን መታችው። ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ደገመችው። የተሰባበረው ሸክላ እግሯ ሥር ረገፈ። እጇ ደነዘዘ፤ አልቆመችም። የራሷ የሙሽራ ቀሚስ ሲለካ ዝም ያለችውን፣ ባሏን ሲያጩላት ዝም ያለችውን፣ መቃብር ላይ ቆማ ዝም ያለችውን ሁሉ መታችው። ግንቡ በአንድ ወገን ሲፈርስ ውሃው በአንድ ጊዜ ወጣ።

ንዴት ዓይን የለውም። ውሃውን ሳታፈስ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ነበር የጀመረችው። አረንጓዴው ውሃ የበሰበሰ ቅጠሉን ይዞ ግቢውን አቋርጦ በተከፈተው በር ስፌት ክፍሏ ገባ። እዚያ ወለሉ ላይ የትምህርት ቤቱ የዩኒፎርም ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ተደርድሮ ነበር። ደርሳ ስታነሳው የታችኛው ጥቅል ሁሉ ጠጥቶ ጨርሷል። መዶሻውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። በወንድሟ ተናደደች፤ በራሷም ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ተናድዳ በወጉ መናደድ አለመቻሏ አንገበገባት።

አመሻሹ ላይ ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሰው ነግሮት ነው። ጓሮ ገብቶ ፍርስራሹን ሲያይ መጀመሪያ ያሰበው ሌባ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

አላመናትም። ፊቷን ካየ በኋላ አመነ።  ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምንም አላጠፋህም ጋሼ። መቼ አጥፍተህ ታውቃለህ? እሱ እኮ ነው የገደለኝ። ብታጠፋማ በጊዜው እቆጣህና ይወጣልኝ ነበር። የምቆጣበት አጥቼ ነው ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ የተጠራቀመብኝ» አለችና ደረቷን መታች።

«ገንዳ ፈለግሽ፤ ገንዳ ሠራሁልሽ።»

«ኩሬ ነው ያልኩህ። ገንዳ አላልኩም።»

«በምን ይለያል?»

«አየህ? አሁን እንኳ በምን እንደሚለይ ሳታውቅ ሠርተህ ጨርሰኸዋል።» ድምፅዋ ከቁጥጥሯ እየወጣ እንደሆነ ተሰማት፤ ተወችው። «እኔው ራሴ እሠራዋለሁ ብዬህ አልነበረም? ምን ብለህ ሰማኸኝ? የባሌን የመቃብር ድንጋይ ስትመርጥ ጠየቅከኝ? ሰውዬው እስከ ዛሬ ባንክ መስኮት ሥር ነው ተኝቶ ያለው።»

«እብነ በረድ ነው እኮ» አለ ወንድሟ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት። «አንደኛ ደረጃ።»

ልትስቅም ልታለቅስም ምንም አልቀራት። እሱ ግን አሁን መቆጣት ጀመረ፤ አባታቸው ሲሞት ስንት ዓመቷ እንደነበር ታስታውስ እንደሆነ ጠየቃት።

«ዘጠኝ። አሁን አያት ሆኛለሁ፤ አልነገሩህም?»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የዳክዬዋን አንገት ከጭቃው አነሳ። አገላብጦ አየው። የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ትንሽ እንደያዘው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የተረፈው ግንብ ላይ አስቀመጠው።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ለማን ነበር የምሠራው?» አለና ወጣ።

ይህ ቃል ልቧን ወጋት። ስለወጋትም የባሰ ተናደደች። እሷ አርባ ዓመት ዝም ብላ አንድ ቀን ብትናገር፣ በዚያው ቀን እንኳ የሚታዘንለት እሱ ሆነ።

ዘመድ ተንጫጫ። የወንድሟ ሚስት ደውላ ብዙ ተናግራ በመጨረሻ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው። ልጇም ደወለች፤ አጎቴን ይቅርታ ጠይቂው፣ እሱ እኮ አባትሽ ማለት ነው አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እስክትጨርስ ሰማቻትና «ትንሽ ቀን ጨምሪልኝ ያልሽኝ ናፍቄሽ ነበር ወይስ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።  እናት ይቅርታም አልጠየቀች፣ ይቅርታም አልተጠየቀች። የራሰውን ጨርቅ አጠበች፣ አሰጣች፣ ተኮሰች። ጨርቁ ስለተሰበሰበ ለአንዳንዱ ሱሪ ከኪሷ አዲስ ገዝታ ጨመረች። ሥራዋን አስረክባ ስታበቃ ፍርስራሹን በጋሪ አስወጣች። ከዚያ ገመዱን ከምስማሩ አውርዳ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ፣ መሬት ላይ ዘረጋችው።

ቁፋሮው እንዳሰበችው አልነበረም። ስታቅድ መሬቱ በልቧ ለስላሳ ነበር፤ ዶማ ሲያርፍበት ግን ድንጋይ ነው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ትቆፍራለች፣ ማታ ሥራ ስትጨርስ ትቆፍራለች። ጉልበቷ ያብጣል። ያን ጊዜም ንዴቷ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ዶማውን የሚያነሳላት እሱ ነበር። በልቧ ከወንድሟ ጋር ትከራከራለች፣ ከሚስቱ ጋር ትከራከራለች፣ ያን ባለ ሜትር ሰውዬ ዛሬም ከጓሮ ታስወጣዋለች። እየተከራከረች ስለምትቆፍር ድንጋዩን በወጉ አልለቀመችም። አሸዋውንም ለይስሙላ በተን በተን አድርጋ ጥቁሩን ወፍራም ፕላስቲክ አነጠፈችበት። ውሃ ሞላች። ደስ ብሏት አደረች። ጠዋት ስታየው ግማሹ የለም።

ማንም አልነካባትም። ማንንም ልትሰድብ አልቻለችም። ፕላስቲኩን ስትገልጠው አንድ ሹል ድንጋይ ከታች ቀና ብሎ ይጠብቃታል። ጎሚስታው መጥቶ አየውና ይህን ያህል ቀዳዳ ለጎማ ከመነዳሪም ቢሆን ቀላል ነው አላት። በማስቲሽ ለጠፈው፣ በእጁ ጨቆነው፣ እስኪይዝ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ። እሷ አሸዋውን እንደገና በወንፊት ነፋች፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቀመች። ጠርዙ ላይ ጣውላ አጋድመው ውሃ ልክ ሲያስቀምጡም ጎሚስታው ነው አንዱን ጫፍ የያዘላት። ግን መሀል ላይ ጎማው የተነፈሰ መኪና መጥቶ በር ላይ ክላክስ ነፋ፤ ሰውዬው ሮጠ። የግራውን ጠርዝ ብቻዋን ገምታ ጨረሰችው።

ዳሩን በድንጋይ ለመክበብ ስትዘጋጅ ሳለ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ የወንድሟ ሠራተኛ ነው። የተላጨና የተወለወለ ድንጋይ፣ ሁሉም እኩል እኩል የተቆረጠ፣ አምጥቷል። ጋሼ ሰምተው ነው የላኩልሽ አላት። ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩን አየችው። 

«መልሰው» አለችው።

«እንዴ? የት ልመልሰው?»

«ከመጣበት።»

ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ለጋሼ ደወለና ስልኩን ሰጣት። ገንዳው ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ሳይነጋገሩ ቆይተው የመጀመሪያ ንግግራቸው ይኸው ነበር። ወንድሟ ድንጋዩ አልተስማማሽም ወይ፣ ሌላ ዓይነት ልላክልሽ ወይ አላት።

«አልጠየቅኩህም ጋሼ። ስፈልግ እጠይቅሃለሁ። ካልጠየቅኩህ አልፈለግኩም ማለት ነው።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ ልታነሳ ስትል ትንፋሹን ሰማች። ብዙ ነገር ወደ አፉ መጥቶ እየተመለሰ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«እሺ» አለ።

ዕድሜዋን ሙሉ ከእሱ «ተይው» ስትሰማ ኖራለች፤ «እሺ» ብሏት ግን አያውቅም። ስልኩን ለሾፌሩ መልሳ፣ መኪናው ኋላ ማርሹን እያሰማ ከበሩ እስኪወጣ ቆማ አየች። ንዴቷ አለ፤ የትም አልሄደም። የወንዝ ድንጋይ ራሷ መርጣ፣ በጋሪ አስመጥታ፣ በገዛ እጇ ደረደረችው። አንዱም ከአንዱ እኩል አልነበረም።

ዝናቡ ሲመጣ ኩሬዋ ሞላች። ደንገሉ ሥር ያዘ። የሥሩ መቆረጥ የጎዳው የኮክ ዛፍ ግን በአንድ ጎኑ ደረቀ፤ እሱን ባየች ቁጥር አሁንም ይበግናታል። እንቁራሪቶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መጥተው መጮህ ጀመሩ፤ ጎሚስታው ከሞተሩ ድምፅ ይሄ ይሻላል ብሎ ምስክርነት ሰጠ።

ወንድሟ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ብቻውን ነበር። ሳይጠራ ወደ ጓሮ አላለፈም፤ በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀ። «ግባ» አለችው። ወንበር ራሱ ከቤት አውጥቶ ከኩሬው ዳር ተቀመጠ። ስለ ልጅ ልጇ ጠየቃት፣ ስለ ወገቡ ነገራት፤ ስለ ዳክዬዋ ሁለቱም አላነሱም። ውሃውን አየ፣ እርከኑን አየ፣ ደንገሉን አየ። ከዚያ ዓይኑ ግራው ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ።

ያ ጠርዝ ዝቅ ብሏል። በጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ ግን ኩሬው ሲሞላ ውሃው በዚያ በኩል እየተንጠባጠበ ሣሩን ያረጥበዋል። አርባ ዓመት ከውሃ ልክ ጋር የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ወንድሟ ከንፈሩን ከፈተ። ዘጋ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረና መሀል ላይ ዓይኑ ተመልሶ እዚያው ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ አየችው። ጠርዙን ከፍ ለማድረግ አንድ ድንጋይ አንስቶ ከሥሩ አፈር መጎዝጎዝ ነው፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሻይ ቀዳችለት። በሚቀጥለው እሑድም መጣ፣ በዚያው ወንበር ተቀመጠ፣ ያችኑ ጠርዝ እያየ ሻዩ ቀዘቀዘበት። እሷም አላስተካከለችውም።